ላፕቶፕ ከቤት ዋይፋይ ጋር አልገናኝም ሲል ምን ይደረጋል?

በከተማችን በደብረ ብርሃን በየቤቱ ዋይፋይ እየገባ ሲሄድ አንድ አዲስ አነጋገርም አብሮት ገብቷል። ይኸውም «ኮኔክሽኑ እምቢ አለ» የሚለው ነው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ በክፍላችን ሲናገረው ሰምቻለሁ፤ መምህራን የፈተና ውጤት ሲዘገይባቸው ሲናገሩት ሰምቻለሁ፤ እናቴም ውጭ አገር ካለችው ታናሽ እኅቷ ጋር በምስል መነጋገር ሲያቅታት ትለዋለች። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሕመሙ ብዙ ዐይነት ነው። «አመመኝ» ብሎ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ራሱን ይሁን ሆዱን ካልተናገረ መድኃኒት እንደማይታዘዝለት ሁሉ፥ ላፕቶፑም የታመመበት ስፍራ ሳይለይ የሚሰጠው ሕክምና ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘውም መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ጠርጎ እንደ ገና መጀመር ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ቅጂ ካልተያዘ ፎቶግራፉም፥ የትምህርት ማስታወሻውም፥ የተጻፈውም ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤታችን ይህ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበረ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ በስፍራው እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ዋይፋይ ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ልግለጽ። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ በእርግጥ መኖሩን ሄንሪክ ኸርዝ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በሙከራ ያሳየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ሞገዱ ከብርሃን ጋር ወገኑ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በርዝመታቸው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ከተማችንን ደብረ ብርሃን ብለው እንደ ሰየሟት በታሪክ ተምረናል፤ ዛሬ ደግሞ ዓይን የማያየው የብርሃን ዘመድ በየሳሎኑ ሲመላለስ ይውላል ብል የፊዚክስ መምህራችን የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

የቤት ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሁለት ዐይነት ሞገድ ነው። አንደኛው 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ሲሆን ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛው 5 ጊጋ ኸርዝ ይባላል፤ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር፥ ማለት ሦስት ጣት ቢጋደም ያህል ነው። ረጅሙ ግድግዳ ዘልቆ በማለፍ ይሻላል። አጭሩ ብዙ መልእክት በፍጥነት ይሸከማል፤ ነገር ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ኋላ ሁለት ጊዜ እንመለስበታለንና። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ፥ 802.11 የሚባለው፥ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ነው። በአገራችንም የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በዚያው ዓመት ስለ ሆነ ሁለቱም በዕድሜ ከወላጆቻችን ያነሱ ናቸው።

አሁን አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአንኮበር ገጠር የሚኖር አንድ ገበሬ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለ ዘመዱ አንድ ኩንታል ገብስ ይልካል እንበል። ገብሱ በአህያ ተጭኖ እስከ መኪና መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከደብረ ብርሃን ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ዘመድየው «ገብሱ አልደረሰኝም» ቢል ብልህ ገበሬ ተነሥቶ አህያዋን አይሸጥም። አህያዋ መንገዱ ላይ ደርሳ ነበርን? መኪናውስ ደብረ ብርሃን ገብቶ ነበርን? እያለ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይጠይቃል። እንዲሁም ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው የአየር መንገድ የአህያዋ መንገድ ነው። ከራውተሩ በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር ወደ ቴሌ የሚሄደው የመኪናው መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ እህል በረንዳ ነው። ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ ማለት እንግዲህ አህያዋን መሸጥ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ላፕቶፑን ሳይነኩ የሚደረግ ነው። በዚያው ቤት፥ በዚያው ዋይፋይ፥ የሌላ ሰው ስልክ ይሠራ እንደ ሆነ ማየት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ለባለቤቱ ሳይናገሩ ወደ ሲም ካርዱ ዳታ ይሻገራሉ። ባለቤቱም «የእኔማ ይሠራል» ይላል፤ የሚበላው ግን የገዛ ጥቅሉ ነው። ስለዚህ ዳታውን ዘግቶ በዋይፋዩ ብቻ መሞከር ያስፈልጋል። እንዲህ ተደርጎ ስልኩም እምቢ ካለ ላፕቶፑ ነጻ ወጣ፤ ወደ ራውተሩ ሄደን መብራቶቹን እንመልከት።

ፋይበር በገባበት ቤት «ሎስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ከታየ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ተቋርጧል ማለት ነው። ቀጭኗ ገመድ ከሶፋ ሥር ተጣጥፋ ወይም አይጥ በልቷት እንደ ሆነ ማየት ይገባል፤ ከቤት ውጭ ከሆነ ግን ለቴሌ ከማመልከት በቀር የምናደርገው የለም። በስልክ ሽቦ በሚሠራው ራውተር ደግሞ «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ረግቶ መብራት አለበት። የኤሌክትሪክ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ነፍስ እስኪዘራ ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈልግ፥ በዚያ መካከል እየደጋገሙ መንቀልና መሰካት ሥራውን ከማስጀመር በቀር የሚጠቅመው የለም። መብራቱ ሁሉ ደኅና ሆኖ ኢንተርኔት ከጠፋ የወሩ ሂሳብ ተከፍሎ እንደ ሆነ ወላጆችን መጠየቅ ነውር አይደለም። (ወላጆች ሆይ፤ ልጆች ይህን ስንጠይቅ ለመክሰስ አይደለም።)

ስልኩ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ እምቢ ሲል እንግዲህ ነገሩ ከአህያዋ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት የቤታችሁ ዋይፋይ ስም በላፕቶፑ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ነው።

የማንም ስም፥ የጎረቤትም ስም እንኳ ካልታየ የላፕቶፑ ጆሮ ተዘግቷል። ኤርፕሌን ሞድ የሚባለው፥ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ቁልፍ፥ በስሕተት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ከጎን ወይም ከፊት ለፊት ዋይፋይን የሚዘጋና የሚከፍት ትንሽ ማንሸራተቻ አለ፤ ላፕቶፑ ከቦርሳ ሲወጣ ሲገባ እርሱ ይንሸራተታል። የዋይፋይ ምልክቱ ጭራሽ ከሌለ ግን ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ድራይቨር በዊንዶውስና በዋይፋይ ዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ፎርማት ከተደረገ በኋላ መሆኑ ያስቃል፤ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ በሽታ ወለደ። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክን በቻርጅ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ማብራት ነው። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ያለ ዋይፋይ በገመድ ብቻ ኢንተርኔት ያገኛል፤ የላፕቶፑ ዐይነት በታችኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከሠሪው ድርጅት ገጽ ድራይቨሩን ማውረድ ይቻላል።

የጎረቤት ስም እየታየ የራሳችሁ ካልታየ ቅድም ልብ በሉ ያልኩት ነገር መጣ። በእጅ የተገዙ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች የሚሰሙት 2.4 ጊጋ ኸርዙን ብቻ ነው። ራውተሩ በ5 ብቻ እንዲናገር ተደርጎ ከሆነ አዲሱ ስልክ ይሰማዋል፤ አሮጌው ላፕቶፕ ግን አጠገቡ ተቀምጦ እንኳ አይሰማም። መፍትሔው ከራውተሩ ላይ 2.4ንም መክፈት ነው።

ራውተሩ የተቀመጠበትም ስፍራ ይመርመር። በብዙ ቤት ራውተር የሚቀመጠው በክብር ነው፤ ይኸውም ከቡፌው ውስጥ፥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፥ በዳንቴል ተሸፍኖ። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ ነገር ግን ራውተሩ እንዲሞቅ ያደርገዋል። የቡፌው የጀርባ መስታወት ግን በቀጭን ብረት የተቀባ ስለ ሆነ ሞገዱን ይመልሳል። ከቴሌቪዥን ኋላ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። የከተማችን አሮጌ ቤቶች የድንጋይ ግንብ ያላቸው ስለ ሆኑ አንድ ወፍራም ግንብ ያለፈ ሞገድ ሁለተኛውን ሲያልፍ ምንም ያህል አይቀረው። በቆርቆሮ የተሠራ የጓሮ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሳሎኑን ዋይፋይ መጠበቅ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ቆርቆሮ ብረት ነውና። እኔ በምኖርበት ቤት ራውተሩን ከቡፌው አውጥተን በሩ አጠገብ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ብናስቀምጠው ማድ ቤት ድረስ ተሰማ። እናቴ ግን ቡፌው ባዶ ሆነ ብላ አንድ ሳምንት አጉረመረመች።

ስሙ ታይቶ የይለፍ ቃሉን አልቀበልም ካለ ቸኩሎ «ራውተሩ ተበላሸ» ማለት አይገባም። በእንግሊዝኛ ትልቁ ፊደልና ትንሹ ፊደል ለዋይፋይ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዜሮን «ኦ» ከሚለው ፊደል መለየትም ያስቸግራል። ላፕቶፑ በአማርኛ ለመጻፍ ተዘጋጅቶ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለበት። በትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ነም ሎክ የሚባለው ከበራ አንዳንድ የፊደል ቁልፎች ቁጥር ይጽፋሉ። የሚሻለው በሳጥኑ ጫፍ ያለችውን የዓይን ሥዕል ተጭኖ የጻፉትን በዓይን ማየት ነው። በቤት ውስጥ ቃሉ በቅርብ ቀን ተለውጦ ከሆነም ላፕቶፑ አሮጌውን ይዞ ይከራከራል፤ ስሙ ላይ «ፎርጌት» የሚለውን ተጭኖ እንዲረሳው ካደረጉ በኋላ አዲሱን መስጠት ነው።

ተገናኝቷል ይላል፤ ነገር ግን ምንም አይከፈትም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ራውተሩ በቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ ያድላል፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ነው። በዋይፋዩ ስም ላይ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ከፍተው ሲያዩ አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ የሚያድለው አጥቶ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው፤ ደጁ ላይ ቆሟል እንጂ አልገባም። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፥ ቀጥሎም ላፕቶፑን ሪስታርት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ከዚህ ቀደም በትምህርት ቤት ወይም በቢሮ አንድ ሰው አድራሻውን በእጁ ጽፎለት ከሆነም በራሱ እንዲቀበል ወደሚያደርገው፥ «አውቶማቲክ» ወደሚለው፥ መመለስ ያሻል።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ገጽ የማይከፈትበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ነው። የተናገርኩትም የቤታችን ታሪክ ይህ ነው።

ታላቅ እኅቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ በዚያውም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷን በርቀት ትከታተላለች። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ላፕቶፗ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል እያለ አንድም ገጽ አልከፍት አለ። የሁላችንም ስልክ ይሠራል። የመመረቂያ ጽሑፏን ሦስት ምዕራፍ የያዘው ያ ላፕቶፕ ብቻ ነበር፤ አራተኛውንም ጨምራ ለመላክ የቀራት አምስት ቀን ነው። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደችው። እርሱም ጥቂት ነካክቶ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ያስፈልገዋል» አላት።

«ጽሑፌስ?» አለችው።

«ኮፒ ካለሽ ችግር የለውም።»

ኮፒ አልነበራትም። «ነገ አመጣዋለሁ» ብላ ይዛው ተመለሰች፤ ያን ቀን ማታ እራት እንኳ አልበላችም። እኔም «እትዬ፥ እስቲ አንድ ጊዜ ልየው» አልኳት። ገጹን ስከፍተው ቀይ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ቀይ ስለ ሆነ ሁሉም ደንግጦ ይዘጋዋል እንጂ አንብቦ የጨረሰው አልነበረም። ሲነበብ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን ተመለከትኩ፤ ኦክቶበር 2017 ይላል። ትክክለኛው ኦክቶበር 2024 መሆን ነበረበት። እኅቴ የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ ስትጽፍ ቀኑን ከላፕቶፑ ላይ ለማየት እንዲመቻት ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጋው ኖሯል።

ይህ ለምን ኢንተርኔትን ይዘጋል? ዛሬ አብዛኛው የኢንተርኔት ገጽ ሲከፈት አስቀድሞ የምስክር ወረቀት ያሳያል፤ ይኸውም «እኔ የምለው ድርጅት ነኝ፤ ሌባ አይደለሁም» የሚል ነው። በወረቀቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለበት፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት ገደማ አይበልጥም። ላፕቶፑ ዛሬን 2017 ነው ብሎ ካመነ በ2024 የተሰጠ ወረቀት ሁሉ ገና ያልተወለደ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም አልቀበልም ይላል። ዘበኛው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ የተሳሳተው የተሰጠው የቀን መቁጠሪያ ነው። ስልኮቻችን ቀኑን ከኔትወርኩ በራሳቸው ስለሚወስዱ ይህ አላገኛቸውም።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክለውን ማብሪያ አበራሁ፤ ዓመቱንም አስተካከልኩ። ገጾቹ ተከፈቱ። የፈጀው ጊዜ አንድ ሻይ እስኪጠጣ አይሆንም። እኅቴ ያን ሌሊት መጀመሪያ ያደረገችው ሦስቱን ምዕራፍ ለራሷ በኢሜይል መላክ ነው፤ ቀጥሎም በፍላሽ ገለበጠችው። የኢትዮጵያን ቀን አሁን የምታየው ከግድግዳው ካሌንደር ላይ ነው።

በዊንዶውስ የሰዓት ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ ብታጡ አትደነቁ፤ የእኛ ሰዓት በዚያ የተመዘገበው በናይሮቢ ስም ነው፤ ከዓለም መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው ማለት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ቀኑ ዛሬ ተስተካክሎ ነገ ወደ ኋላ ከተመለሰ በውስጡ ያለችው ሰዓት ጠባቂ ባትሪ አልቃለች። በብዙዎቹ ውስጥ እንደ ካፖርት ቁልፍ ክብ የሆነች፥ 3 ቮልት ያላት፥ ሲአር 2032 የምትባል ናት። እርሷን መለወጥ ቀላል ሥራ ነው።

በመጨረሻ ስለ አንኮበር ጥቂት ልጨምር። ሽቦም ፋይበርም ባልደረሰበት ቤት የቤቱ ዋይፋይ ስልኩ ራሱ ነው፤ ሆትስፖት የሚሉት። አንኮበር ያለው አጎቴ ላፕቶፑ የስልኩን ሆትስፖት አላይም ሲለው ምክንያቱን ለጉም ሰጥቶት ነበር። «ልጄ፥ ይህ የእኛ ጉም ሰውን ይውጣል፤ ዋይፋይንማ እንዴት አይውጥ!» አለኝ። እኔም «ጋሼ፥ የጉም ጠብታ ከፀጉር ውፍረት እንኳ የምታንስ ናት፤ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ለሆነ ሞገድ፥ ያውም ከጠረጴዛ እስከ ጠረጴዛ ለሚሄድ፥ ምንም አታደርገውም፤ እርስዎ ስልኩን ይስጡኝ» አልኩት። በሆትስፖቱ ሴቲንግ ውስጥ 5 ጊጋ ኸርዝ ተመርጦ አገኘሁት፤ ላፕቶፑ ደግሞ ከአሮጌዎቹ ወገን ነው። ወደ 2.4 ባዞረው ወዲያው ስሙ ታየ።

ከዚያም ሁለት ነገር አደረግን። በአንኮበር ተራራው ራሱ የስልኩን ምልክት ስለሚጋርድ ስልኩን ከትራስ ሥር አውጥተን ምልክቱ በተሻለበት መስኮት ደፍ ላይ አኖርነው። በላፕቶፑም ላይ የሆትስፖቱን ስም ከፍተን «ሚተርድ» የሚለውን አበራን፤ ያለዚያ ዊንዶውስ ራሱን ለማደስ ሲል የወሩን ጥቅል በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላልና። አጎቴ ስለ ጉሙ የተናገርኩትን እስከ ዛሬ አላመነኝም፤ ላፕቶፑ ግን ይሠራል።